የስኳር ኪኒን ለጤነኛ አያት?

ውጭ አገር ያለ ልጅ ጭሮ ለምትኖር እናቱ ይደውልና «እማዬ፣ እዚህ ሰው ሜትፎርሚን ዕድሜ ያረዝማል ብሎ ስኳር ሳይኖርበት ይውጣል፤ ልላክልሽ?» ሊላት ይችላል። ሜትፎርሚን ያው በየመድኃኒት ቤቱ የምናውቀው የስኳር ሕመም ኪኒን ነው። ወሬው ከባዶ አልተነሣም። በ2014 (ሁሉም ዓመት በአውሮፓውያን ነው) የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ኪኒኑን የሚወስዱ ሕመምተኞች ስኳር ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ይልቅ ረዘም ያለ ዕድሜ እንደኖሩ ገለጸ። በ2022 የወጣው የዴንማርክ ጥናት ግን ያንን አላገኘም። ጤነኛ ሰው ውጦት ዕድሜው መርዘሙ እስካሁን አልተረጋገጠም።

ለአያቶች የሚበጀው ቁጥር ሌላ ቦታ ነው ያለው። አሜሪካ ውስጥ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ገና በሽታ ያልሆነባቸው 3,234 ሰዎች ለሦስት ዓመት ያህል ተከታትለው ነበር፤ ውጤቱ በ2002 ወጣ። ኪኒኑ በስኳር የመያዝን ዕድል በ31 በመቶ ቀነሰ። በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስና ክብደት መቀነስ ግን በ58 በመቶ! ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ እንቅስቃሴው 71 በመቶ ሲደርስ፣ ኪኒኑ እምብዛም አልሠራም።

150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። ጭሮ ዳገትና ቁልቁለት አላጣችም፤ የጠፋው ከበርጫ የሚነሣ ሰው ነው። (ጸሐፊው በጫት ላይ ስብከት አልጀመረም።) ነገር ግን ሰዓታት ተቀምጦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ እየደጋገሙ መዋል ለደም ስኳር አይመችም። ሐኪም ሜትፎርሚን ላዘዘላቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ኪኒኑ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፤ ጫት ግን ምሳን ያስረሳል። ምሳው ሲቀር ኪኒኑም አብሮ ይቀራል፤ በባዶ ሆድ ከተዋጠ ደግሞ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያስቀምጣል።

ኩላሊታቸው በጣም ለደከመ ሰዎች ሜትፎርሚን አይሰጥም፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ቫይታሚን ቢ 12ን ሊያጎድል ይችላል። የእግር መደንዘዝ ሲመጣ «እርጅና ነው» ብለው አይለፉት፤ ለሐኪም ይንገሩ።

ስኳር ይኑርብዎት አይኑርብዎት ካላወቁ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ። ከ126 በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገማል። እስከዚያው ከባለቤትዎ ብልቃጥ ላይ አይዝገኑ፤ ለእርሳቸው የተሰጠው ለወሩ ተቆጥሮ ነው።