ተጨማሪ መረጃ፦ ከሞተሩ ሥር ያለው ጎማ

ከዓባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያቀና የጭነት መኪና፣ ደጀን እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል፤ አብዛኛውንም በዝቅተኛ ማርሽ። ዳገቱ የሚፈትነው ራዲያተሩን ብቻ አይደለም። የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው ጉልበት በጨመረ ቁጥር፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን በተቃራኒ አቅጣጫ ሊጠመዝዝ የሚታገለው ኃይልም አብሮ ይጨምራል። ይህን ችሎ ሁለቱን ከሻንሲው ጋር የሚያይዘው ከብረትና ከጎማ የተሠራው የሞተር መቀመጫ ነው።

ጎማው ዘይት ሲንጠባጠብበት ይለሰልሳል፤ ሲያረጅም ይሰነጠቃል። ያኔ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ካቢናው ይንቀጠቀጣል፤ ፍሪሲዮን ሲለቀቅም የብረት ምት ይሰማል። (ሾፌሩ ብዙ ጊዜ የሚጠረጥረው ካምቢዮውን ነው።)

መቀመጫው ሲቀየር ሞተሩ በክሪክ ይደገፋል፤ የዘይት ቋቱ እንዳይጎደጉድ በመካከል ወፍራም ጣውላ ይገባል። ቡሎኖቹ በደንብ የሚጠብቁት የሞተሩ ክብደት ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። አንዱን ጎን ብቻ መቀየር ቁጠባ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ያረጀው ጫናውን በአዲሱ ላይ ይጥላል።

እንደ ጣና ባለ ሐይቅ ላይ በሚሄድ፣ ሞተሩ በውስጡ በተተከለ ጀልባ ሥራው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መቀመጫው የፕሮፔለሩን ግፊት ጭምር ስለሚሸከም፣ ከቅየራው በኋላ የሞተሩና የፕሮፔለሩ ዘንግ መስመር በፊለር ጌጅ ይለካል።