ካልሲየም ያለ ቦታው ሲጋገር፦ የስምጥ ሸለቆ ውሃ፣ አጥንትና ማሳ

በባቱ፣ በመቂ፣ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ቤተሰብ የውሃውን ጥራት ብዙ ጊዜ የሚፈርደው በማንቆርቆሪያው ነው። ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውሃ ኖራ የበዛበት ተብሎ ይጠረጠራል፤ ሳሙና በቀላሉ የሚያረፋና እጅ ላይ የሚያሟልጭ ውሃ ደግሞ «ለስላሳ» ተብሎ ይወደዳል። በስምጥ ሸለቆ ግን ይህ ፍርድ ሊያሳስት ይችላል። ማንቆርቆሪያው ላይ የሚቀረው ኖራ በአብዛኛው ለጤና ጉዳት የለውም። ይበልጥ የሚያሰጋው ካልሲየሙን ከመሬት በታች ጥሎ የመጣው ለስላሳ ውሃ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከድንጋዩ መነሳት ያስፈልጋል። የሸለቆው ወለል በአብዛኛው በእሳተ ገሞራ አመድ፣ በፑሚስና በመሰል ድንጋዮች የተሸፈነ ነው። እነዚህ ድንጋዮች ሶዲየምና ፍሎራይድ በብዛት፣ ካልሲየም ግን በጥቂቱ ይይዛሉ። ከዳርና ዳር ከፍታዎች ወደ ሸለቆው የሚሰርገው ውሃ በመካከላቸው ለረጅም ዘመን ሲጓዝ፣ ከምድር ጥልቀት በሚወጣ ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታግዞ ድንጋዩን ያሟሟል። በውሃው ውስጥ ባይካርቦኔት ሲበዛ ያለው ጥቂት ካልሲየም ከእርሱ ጋር ተጣምሮ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ኖራ ሆኖ ይዘቅጣል። ከፊሉም በሸክላ አፈር ላይ ተለጥፎ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል።

ፍሎራይድን አስሮ የሚያስቀረው ደግሞ ይኸው ካልሲየም ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ በውሃ በቀላሉ የማይሟሟ ማዕድን ይሠራሉና። ካልሲየሙ አስቀድሞ በኖራ መልክ ከተወሰደ ፍሎራይዱን የሚይዘው አይኖርም፤ ከውሃው ጋር ወደ ቧንቧው ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መጠን የተለካባቸው ጉድጓዶች ጥቂት አይደሉም።

ሐይቆቹ ይህንኑ ሂደት በግልጽ ያሳያሉ። የባቱው ደምበል በመቂና በከታር ወንዞች እየተመገበ፣ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢጃታ ስለሚፈስ ውሃው ይታደሳል። አቢጃታና ሻላ ግን መውጫ የላቸውም። ውሃው በፀሐይ እየተነነ፣ ካልሲየሙ እየዘቀጠ፣ ሶዳውና ፍሎራይዱ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ በሻላ ፍሎራይዱ በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ደርሷል። በነገራችን ላይ በአቢጃታ ዳርቻ የሚታየው ነጭ ንጣፍ ኖራ ሳይሆን ሶዳ ነው። መለየቱ ከባድ አይደለም፤ ሶዳ በውሃ ይሟሟል፣ ኖራ አይሟሟም።

በሰውነታችን ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ነው። ፍሎራይድም ወደዚያው ይሳባል። ከጠጣነው ከፊሉን ኩላሊት ሲያስወግደው የቀረው በአጥንት ማዕድን ውስጥ ይሰፍራል፤ ዓመታት በሄዱ ቁጥርም ይከማቻል። አጥንት ሠሪ ሕዋሳትን ከልክ በላይ ስለሚያነቃቃ አጥንቱ ይወፍራል፣ ይከብዳል፣ ጥንካሬው ግን አብሮ አይጨምርም። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው አካል ጉዳተኛ የሚያደርገው፦ ካልሲየም ከአጥንቱ አልፎ በጅማቶችና በመገጣጠሚያዎች ዙሪያ ይጋገራል። መታጠፍ የሚገባው ጅማት ወደ አጥንትነት ይለወጣል። አከርካሪው እንደ አንድ ዱላ ይደርቃል፤ አንገት መዞር፣ ወገብ ማጎንበስ ይሳነዋል። የህብለ ሰረሰሩ መተላለፊያ ሲጠብ ነርቭ ይጨፈለቃል፣ እግርና እጅ ይዝላሉ።

ለዚህ ሕመም በአገራችን በስፋት የተጠናው ስፍራ ከአዳማ አጠገብ የሚገኘው የወንጂ ሸዋ ስኳር ልማት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. የተከፈተው የወንጂ ፋብሪካ ብዙ ሠራተኞችን ከየአቅጣጫው ሰብስቦ ነበር። የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ከ8 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ ነበረበት። ይህንን ውሃ ከ10 ዓመት በላይ በጠጡት ላይ የአጥንት ፍሎሮሲስ መታየት ጀመረ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹና በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሟቸው ጥናቶች የሕመሙን ስፋትና በነርቭ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መዝግበዋል። ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩት የተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጥርስ ፍሎሮሲስ እንደታየባቸውም አሳይተዋል። በሙቀት ውስጥ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ ጉዳቱ በእርሱ ላይ ይበረታል። የጀርባ መድረቅ «ብርድ ነው» ወይም «እርጅና ነው» እየተባለ መታለፉ የሚያሳዝነው ለዚህ ነው።

ጥርስ ቀድሞ ያስጠነቅቃል። የጥርስ የላይኛው ሽፋን የሚሠራው በግምት እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ የተጠጣው ፍሎራይድ ቋሚ ጥርሶች ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ቀለም ይተዋል። በመፋቂያም በሳሙናም አይለቅም። የአንድ መንደር ልጆች በብዛት ቡናማ ጥርስ ካላቸው ምክንያቱን በንጽሕና ጉድለት ሳይሆን በውሃው መፈለግ ይገባል።

ፍሎራይድ ሽታም ጣዕምም የለውም። ውሃ ማፍላት አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። ጀርም የሚገድለው የክሎሪን መድኃኒትም፣ በጨርቅ ማጥለልም አይነካውም። የሚሠሩት መንገዶች ሌሎች ናቸው። አንደኛው ከህንድ የመጣው ናልጎንዳ የሚባለው ዘዴ ሲሆን፣ በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ ፍሎራይዱን አዝቅጦ ያስቀራል። ሌላው የተከሰለ የከብት አጥንት ነው። ፍሎራይድ ወደ አጥንት የመሳብ ጠባዩ እዚህ ለጥቅም ይውላል፤ ውሃው በከሰሉ ውስጥ ሲያልፍ በእኛ አጥንት ሊሰፍር የነበረው በከብቱ አጥንት ላይ ይቀራል። ከሰሉ በጊዜው ካልተለወጠ ግን ጥቅም አይሰጥም። አቅም ለሌለው ቤተሰብ ከቆርቆሮ ክዳን የሚጠራቀም ንጹሕ የዝናብ ውሃ ቢያንስ ለሕፃናት መጠጥና ለምግብ ማብሰያ ቢውል ትልቅ ለውጥ ነው፤ እንጀራውና ወጡም የተሠሩበትን ውሃ ፍሎራይድ ይይዛሉና። ወተትና ሌላ ካልሲየም ያለው ምግብ በሆድ ውስጥ ፍሎራይዱን በከፊል ስለሚያስር «አጥንቴ እንዳይደርቅ» ብሎ ወተት መተው ተቃራኒውን ያመጣል።

አዲስ ጉድጓድ ሲመረቅ የሚነገረው በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት የፍሎራይዱ ቁጥርም አብሮ ሊነገርና በውሃ ቦኖው ላይ ሊጻፍ ይገባል። ነዋሪው ከወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ይህንን ቁጥር መጠየቅ ይችላል።

ይኸው ካልሲየምን የመጣል ሂደት በማሳም ይደገማል። ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ ለመስኖ ሲውል በአፈሩ ውስጥ ያለው ካልሲየም ኖራ ሆኖ ይደርቃል፤ በሸክላው ላይ ቦታውን ሶዲየም ይወስዳል። ሶዲየም የያዘ ሸክላ ሲርስ ይሟሽሻል፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ውሃው ከላይ ይተኛል፣ ሥሩ ይታፈናል። የጠብታ መስኖ ቀዳዳዎችም በዚሁ ኖራ ይደፈናሉ። ከአፈሩ በተቆፈረ ነጭ እንክብል ላይ ሎሚ ቢጨመቅና አረፋ ቢያወጣ፣ በውሃም ካልሟሟ፣ ኖራ ነው።

እዚህ ላይ አርሶ አደሩ ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። በወለጋ፣ በጎጃምና በሌሎች ዝናብ በበዛባቸው ከፍታዎች አሲዳማ አፈርን ለማከም ኖራ እንዲበተን በስፋት ይመከራል፤ ምክሩም ለእነርሱ ትክክል ነው። የባቱ አካባቢ አፈር ግን በአብዛኛው አልካላይን በመሆኑ ኖራ ቢጨመርበት ፎስፈረስ፣ ብረትና ዚንክ ይበልጥ ይታሰራሉ፤ ቅጠሉ በደም ሥሮቹ መካከል ቢጫ ይሆናል። ሶዲየም ለጎዳው አፈር የሚረዳው ጂፕሰም ነው። የሚሟሟ ካልሲየም ሰጥቶ ሶዲየሙን ያስለቅቃል፤ ከዚያ በኋላ የለቀቀውን ጨው አጥቦ የሚያወርድ በቂ ውሃና መውረጃ ቦይ ያስፈልጋል። ቦይ ከሌለ ጂፕሰሙ ገንዘብ ማባከን ነው። ፍግና ኮምፖስትም የአፈሩን አካል ያላላሉ።

የመቂና የባቱ ቲማቲም አምራቾች የሚያውቁት የፍሬው ታች ጠቁሮ መበስበስም ከካልሲየም ጋር የተያያዘ ነው። ምክንያቱ የካልሲየም እጥረት ነው ሲባል፣ አፈሩ በኖራ ተሞልቶ እያለ እንዴት ያንሳል የሚል ጥያቄ ይነሳል። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከውሃ ጋር ብቻ ነው። መስኖው አንድ ሳምንት ሞልቶ ሌላው ሳምንት ከተቋረጠ፣ ወይም ጨው ሥሩን ውሃ ከከለከለው፣ ፍሬው ጫፍ ድረስ አይደርስም። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛት በፊት የመስኖውን ተራ ማስተካከል ይቀድማል። ኖራ ወይስ ጂፕሰም የሚለውን ለመወሰን ደግሞ የባቱ የአፈር ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው፤ ከማሳው ከተለያዩ ቦታዎች ተወስዶ የተደባለቀ ናሙና በንጹሕ ከረጢት ይዞ መቅረብ ይቻላል። የማዳበሪያ ከረጢት ግን ውጤቱን ያዛባል።