የላስታ ሌሊትና ከዋክብቱ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጧት፥ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን፥ ጨረቃ በፀሐይ ፊት ስታልፍ መካከሏን ጋረደቻትና ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ ላይ የእሳት ቀለበት መሰለች። ወቅቱ የኮሮና በሽታ የገባበት፥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበትና ተማሪ ቤቶች የተዘጉበት ነበር። በደኅና ጊዜ ቢሆን ብዙ ገንዘብ አውጥተው ይመጡ የነበሩት የውጭ አገር ጐብኚዎች በያሉበት ቀሩ። ስለዚህ ትርኢቱ ከሞላ ጐደል ለባለ አገሩ ብቻ ሆነ፤ ልጆችም ከእናትና ከአባታቸው ጋራ በየደጃፋቸው ቆመው አዩት።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት አንድ ሳንቲም ይበቃል። ሳንቲሙን ወደ ዐይናችን ብናስጠጋው ከፊታችን ያለውን አምፑል ጨርሶ ይሸፍነዋል፤ ክንዳችንን ዘርግተን ስናርቀው ግን የአምፑሉ ጠርዝ በዙሪያው ብቅ ይላል። ጨረቃም ምድርን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነ አንድ ጊዜ ትቀርባለች፥ አንድ ጊዜ ትርቃለች። ያን ሰሞን ራቅ ብላ ስለ ነበረች ፀሐይን ጨርሳ ለመሸፈን ጥቂት አነሰች። ቀለበቱም የታየው ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ፀሐይን በባዶ ዐይን፥ በራጅ ፊልም ወይም በተራ ጥቁር መነጽር መመልከት ዐይንን ይጎዳል፤ ለዚሁ የተሠራ ልዩ መነጽር ያስፈልጋል። መነጽሩን ያላገኘ ሰው ቀዳዳው ሰፋ ያለ ወንፊት ይዞ በፀሐይ አንጻር ይቁምና መሬቱን ይመልከት። በየቀዳዳው ያለፈው ብርሃን እያንዳንዱ የተገመሰች ትንሽ ፀሐይ ሆኖ መሬት ላይ ያርፋል። ከወጥ ቤት የሚገኝ እንዲህ ያለ ርካሽ የሳይንስ መሣሪያ ሌላ አላውቅም።

ይሁን እንጂ ስለዚያች አንድ ደቂቃ ብቻ ለመጻፍ አልተነሣሁም፤ ላስታ በየሌሊቱ የሚያሳየው ከዚያ የበዛ ነውና። በካናዳ አገር የጃስፐር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2011 ጨለማው እንዲጠበቅለት ከተወሰነ ወዲህ፥ በኦክቶበር ወር ቤተ ሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ከዋክብት የሚመለከቱበት በዓል ይደረግበታል። በአህጉራችንም በናሚቢያ የሚገኘው የናሚብራንድ ጥብቅ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ሰማዩ ጥቁረት ዓለም አቀፍ ማዕርግ አግኝቷል። ሰው ጨለማ ለማየት አውሮፕላን ይሳፈራል ቢባል አያቶቻችን ምን ያህል በሣቁ!

ለእኛስ እንዲህ ያለው በዓል የት ይሁን ቢባል፥ እኔ ነአኩቶ ለአብን እመርጣለሁ። ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙን ያገኘው በንጉሥ ላሊበላ እግር ተተክቶ ከነገሠው ከነአኩቶ ለአብ ነው፤ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውም ጠበል በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል። በእርግጥ በዓሉ ካህናቱ ፈቅደው ከቅጥሩ ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ይሆናል እንጂ በደጀ ሰላሙ አይደለም። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ የከተማው መብራትም ከኋላ ይቀራል።

ሌላም ብልጫ አለው። ላስታ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12ኛው ዲግሪ ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 12 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆማል። ክንድ ዘርግተን የምንጨብጠው ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናልና ሕፃን እንኳ ሊለካው ይችላል። በግንቦት ምሽት፥ 3 ሰዓት ገደማ፥ ፊትን ወደ ደቡብ ሲያዞሩ ደግሞ የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ከዋክብት ሁለት ጭብጥ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ከፍታ ላይ ቆመው ይታያሉ። የአውሮፓ ሰው በአገሩ ሆኖ መስቀሉን አያይም፤ የደቡብ አፍሪካ ሰውም የሰሜኑን ኮከብ አያይም። የላስታ ልጅ ግን፥ ተራራ ካልጋረደው በቀር፥ ዘወር በማለት ብቻ ሁለቱንም ያያል። ከመስቀሉ በስተ ግራ ሁለት ደማቅ ከዋክብት አሉ። ከመስቀሉ የሚርቀው አልፋ ሴንታውሪ ይባላል፤ ለዐይን ከሚታዩት ከዋክብት ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የሚቀርበው እርሱ ነው። ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይጓዛል፤ የአራት ዓመት ሕፃን ቀና ብሎ ሲያየው፥ ያ ብርሃን ሕፃኑ ሳይወለድ የተነሣ መንገደኛ ነው።

እንዲህ ያለ ምሽት ሲዘጋጅ የፊዚክስ መምህር ብቻውን እንዲናገር አልፈቅድም። አጠገቡ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መሪጌታ ይቀመጥ። በግዕዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው መጽሐፈ ሄኖክ፥ ፀሐይ በስድስት የምሥራቅ ደጆች ወጥታ በስድስት የምዕራብ ደጆች እንደምትገባ ይተርካል። ይህ ለዛሬ ተማሪ ተረት ይመስለዋል። ነገር ግን ከአንድ ቦታ ሆኖ ፀሐይ ከየትኛው ጫፍ እንደምትወጣ ዓመቱን ሙሉ ምልክት ያደረገ ልጅ፥ በሰኔ ወደ ሰሜን፥ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ስትሄድ ያያታልና ደጆቹ ምን እንደ ሆኑ ይገባዋል። አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጡት ሊቃውንትም 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወሮች ጋራ እንደሚገጥም ያለ አንዳች ቴሌስኮፕ ያውቁት ነበር።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በ2007 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ ላይ፥ በ3,200 ሜትር ከፍታ፥ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለው ተመረቁ። ትልቅ ሥራ ነው። ዳሩ ግን የአዲስ አበባ መብራት ከሥር እየገፋ ይወጣባቸዋል፤ ስለዚህም የሚቀጥለው ትልቅ የከዋክብት መመልከቻ ከላሊበላ በላይ ባሉት ተራሮች ይሠራ የሚል ሐሳብ ተነሣ። በዚያ ወገን አቡነ ዮሴፍ ብቻውን ከ4,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። እንግዲህ የላሊበላ ከተማም አምፑሎቹን ወደ ላይና ወደ ጐን እየረጨ ቢያድግ፥ የእንጦጦ ችግር ተራራ ለተራራ ተከትሎ ይመጣል ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ይቅር አልልም። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላሊበላ ከደረሰ በኋላ መብራት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ከዋክብቱ ያለ ጥርጥር ደምቀዋል፤ ግን ወፍጮ የሚያቆም ጨለማ ማንም አይመኝም። እኔ የምለው መብራቱ መንገዱን ያብራ፥ ሰማዩን ተወት ያድርግ ነው። በአሜሪካ የፍላግስታፍ ከተማ፥ በአጠገቧ ላለው የከዋክብት መመልከቻ ስትል፥ እ.ኤ.አ. በ1958 ወደ ሰማይ የሚወረወር የማስታወቂያ መብራት የሚከለክል ደንብ አወጣች። በረኀብም በድህነትም አልወደቀችም፤ እንዲያውም ሌሊቷን ለማየት እንግዳ ይመጣላታል። ለአምፑል ከቆርቆሮ ቆብ መሥራት ለላሊበላ አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በሽታውና ጦርነቱ ተራ በተራ እንግዳ ያስቀሩባቸው የሆቴል ሠራተኞችና አስጐብኚዎችም፥ ጐብኚው አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ በማግስቱ ከሚሄድ ይልቅ ስለ ሰማዩ አንድ ሌሊት ጨምሮ ቢያድር የሚያገኙትን ያውቁታል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። በግብፅ አገር በሉክሶር ፀሐይ ከ6 ደቂቃ በላይ ፈጽማ ትሸፈናለች፤ እኛ ከቀትር በኋላ ከፊሉን እናያለን። የሐምሌ ደመና ይፈቅድ እንደ ሆነ ነው እንጂ! ስለዚህ ግርዶሹን ከመጠበቅ ይልቅ፥ ጨረቃ በማትታይበት በግንቦት ሳምንት አንድ ምሽት መምረጥ ይሻላል።

ለዚያ ምሽት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳልና ለየልጁ ጋቢ፥ ለሁሉም ቆሎ፥ ለሽማግሌዎች በርጩማ። ዐይን ጨለማውን ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፤ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ቦግ ቢያደርግ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ ባትሪ ይዞ የመጣ ሁሉ ከመኪና ሲወርድ መስታወቱን በቀይ ጨርቅ ይጠቅልለው፤ ስልክም በኪስ ይቆይ።