መብራት ሲጠፋ የቤት ስልኩ ለምን ዝም ይላል?

መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። የቤት ስልኳ በ033 ይጀምራል፤ ሳዑዲ ያለች ልጅ የምትደውለው ግን በኢሞ ነው። የቤት ስልክ በኢንተርኔት መተካቱ ማንም ሳያውጀው ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። የቀረው ግማሽ ፋይበር ቤት ሲገባ ይመጣል፤ ያኔ ምን እንደሚለወጥ አስቀድሞ ማወቅ ደግ ነው።

መጀመሪያ ነባሩን ስልክ እንይ። ግድግዳው ላይ ካለችው ትንሽ ሳጥን ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ወጥተው፣ ከምሰሶ ምሰሶ እየተሻገሩ ቴሌ ጣቢያ ይደርሳሉ። ጣቢያው በሽቦው ላይ 48 ቮልት ገደማ አኑሮ ይጠብቃል። እጀታው ሲነሣ ኤሌክትሪኩ መፍሰስ ይጀምራል፤ ጣቢያውም ሰው መደወል እንደፈለገ በዚህ ያውቃል። ኃይሉ የሚመጣው ከጣቢያው ባትሪ እንጂ ከቤቱ ቆጣሪ አይደለም። ሰፈሩ ጨልሞ እያለ ስልኩ የሚጮኸው ለዚህ ነው። (ኮርድለስ የገዛ ሰው ይህን ጥቅም ሳያውቀው ሰጥቶታል፤ የኮርድለሱ ማስቀመጫ የቤት መብራት ይፈልጋል።)

ፋይበር ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ፋይበር ብርሃን የሚያሳልፍ መስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ጣቢያው ለስልኩ ከሩቅ ኃይል ሊልክለት አይችልም። ቤት የሚቀመጠው፣ ሰው ሁሉ ሞደም የሚለው ሳጥን ከሶኬት ይሰካል። ጀርባው ላይ፣ ከኢንተርኔት ገመዱ ቀዳዳዎች አጠገብ፣ አነስ ያለች የስልክ ቀዳዳ ካለችው አሮጌው ስልክ እዚያ ይገባል። ስልኩ ጣቢያው የተለወጠ አይመስለውም፤ ሞደሙ ቮልቱን ይሰጠዋል፣ «ቱ...» የሚለውን ድምፅ ያሰማዋል፣ ጥሪ ሲመጣም ያስጮኸዋል። የ033 ቁጥሩም ከሽቦው ጋር አልተቋጠረም። በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ የተመዘገበ ስም ስለሆነ፣ ኩባንያው ካዘጋጀው ከመዳብ ወደ ፋይበር አብሮ ይሻገራል።

ድምፁስ? በስልክ ልክ ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል፤ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይሆናል። በኢንተርኔት ሲላክ ብዙውን ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ እየተቆረጠ በሰከንድ 50 ጥቅል ሆኖ ይወጣል። የመርሳን ብርቱካን በሣጥን ሞልቶ፣ ቁጥር ጽፎበት፣ ባገኘው መኪና ሁሉ እየጫነ ደሴ የሚልክ ነጋዴ ይታያችሁ፤ 7ኛው ሣጥን ከ6ኛው ሊቀድም፣ አንዱም መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ተቀባዩ ስልክ በቁጥሩ ለመደርደር ጥቂት ይጠብቃል። በጣም የዘገየውን ይተወውና ክፍተቱን ከቀደመው ድምፅ ገምቶ ይሞላዋል። አንድ ሁለት ጥቅል ቢጠፋ ጆሮ አያውቅም፤ ሲበዛ ነው ያ የምናውቀው መቆራረጥ የሚመጣው።

መዘግየት የራሱ ጣጣ አለው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ለመድረስ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ቢወስድበት ለአብዛኛው ንግግር አይጎዳም ይላል። ከዚያ በጣም ሲያልፍ እናትና ልጅ እኩል ይጀምራሉ፣ እኩል ያቆማሉ።

«እሺ ተናገሪ።»

«አይ፣ አንቺ ቀጥዪ እማ።»

ከዚያ ሁለቱም ዝም። የሳዑዲዋ ሪያድ ቀይ ባሕርን ተሻግራ ያለች ከተማ ናት፤ ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው ርቀቱ ሳይሆን የተጨናነቀ ኔትወርክ ላይ ያለው ወረፋ ነው።

ኢሞ የሚያገናኘው ኢሞ ያለውን ኢሞ ካለው ጋር ብቻ ነው። ከኢንተርኔት ወጥቶ የ033 ስልክ ለማስጮህ በመሃል መሸጋገሪያ ያስፈልጋል፤ ሕግም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደውሎ ቁጥሩ በ09 ሲጀምር ያየ ሰው ብዙ ነው። ጥሪው በኢንተርኔት አገር ውስጥ ይገባና ሲም ካርዶች በታጨቁበት መሣሪያ አልፎ የአገር ውስጥ ጥሪ መስሎ ይደወላል፤ የስልክ ድርጅቱ የውጭ ጥሪ ገቢውን ያጣል። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በእስር የሚያስቀጣ አድርጎታል። ያኔ «ስካይፕ ሊያሳስር ነው» ተብሎ ብዙ ተወራ፤ መንግሥት ለግል መጠቀም አልተከለከለም ብሎ አስተባበለ። ስካይፕ ራሱ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። ለማንኛውም፣ ሞደም ላይ የሚሰካ የውጭ አገር ቁጥር ያለው የኢንተርኔት ስልክ በስጦታ የመጣለት ሰው ከመሰካቱ በፊት ቢጠይቅ አይከፋም።

እኔ ብጠየቅ ኢሞ ቢኖርም 033ቱ ይቆይ እላለሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ በሞባይል ዳታ የሚሠራው ኢሞም አብሮ ዝም ብሏል።

ፋይበር የሚያስገባ ሰው ባለሙያዎቹ ሳይሄዱ ብሬከሩን ያውርድና ከሞባይሉ ወደ ቤት ስልኩ ይደውል። ካልጮኸ ለሞደም የሚሆን ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ መግዛት ነው። ሞደም አብዛኛውን ጊዜ 10 ዋት አካባቢ ስለሚፈጅ፣ 30 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት ያቆየዋል። ቮልቱ ግን በሞደሙ ቻርጀር ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።