ከበሩ እስከ አንግሬቡ ሰባት እርምጃ

ካርቱም ዴም ሰፈር ጎረቤቴ የነበሩት ሐጅ አንድ ምሽት ጥያቄ ይዘው መጡ። የሱዳኑ ጦርነት የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ለእኛ ለኦርቶዶክሶቹ ቅዳሜ ስዑር፣ ለእነሱ ለሙስሊሞቹ የረመዳን መገባደጃ። የፋሲካው ዶሮ ተገዝቶ ነበር፤ መብራትና ውሃ ግን ጠፋ። በሳምንቱ የታጠቁ ሰዎች ቤት ለቤት እየገቡ መኪናና ወርቅ ይወስዳሉ የሚለው ወሬ ሰፈሩን ሞላው። ሐጅም ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃቸውን ከቁም ሣጥን አወጡ። በወጣትነታቸው ጀበል አውሊያ ግድብ ዳር ዳክዬ ያደኑበት ነው።

«ልጄ፣ አንቺ ቁስሉን ታውቂዋለሽ» አሉኝ። «የቀኙ አፈሙዝ ሰፊ ነው፣ የግራው ጠበብ ያለ ነው። በሩን ሰብሮ የሚገባ ቢመጣ የትኛውን ቃታ ልሳብ?»

እኔ ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም። የቀዶ ሕክምና ነርስ ነኝ። ካርቱም በኖርኩባቸው ዘጠኝ ዓመታት ግን ሱዳኖች «ኸርቱሽ» የሚሉት ጥይት የበተነውን እርሳስ ከሰው ሥጋ ውስጥ ስለቅም ብዙ ሌሊት አንግቻለሁ። በተለይ ከጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ከሰልፍ እየተሸከሙ ያመጧቸው ወጣቶች ነበሩ። ጀርባቸው በነጠብጣብ ተሞልቶ፣ አንዳንዱ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ። ጀርባው ይድናል። ለዓይኑ ብዙ ጊዜ የምናደርግለት አልነበረንም።

ስለዚህ የሐጅን ጥያቄ ከቁስሉ ተነሥቼ መመለስ እችል ነበር።

አዳኞች «ቾክ» የሚሉት የአፈሙዝ ጫፍ ጥበትን ነው። በጣም የተለመደው ባለ 12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጡ 18.5 ሚሊ ሜትር ግድም ይሰፋል። ጫፉ ላይ በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከጠበበ ሙሉ ቾክ ይባላል፤ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ መካከለኛ፤ ካልጠበበ ደግሞ ክፍት ነው። ማሽላ ከጆንያ ስታፈስሱ አፉን ጨበጥ ብታደርጉት ፍሬው ሰብሰብ ብሎ እንደሚወርድ ሁሉ፣ እርሳሱም እንዲሁ ነው። ጥበቱ ጉልበት አይጨምርም፤ የሚለውጠው ፍሬዎቹ ተሰብስበው የሚጓዙበትን ርቀት ነው። ሐጅ ግን ብዙ ሰው እንደሚያምነው የግራው ይበልጥ ይገድላል ብለው ያምኑ ነበር።

ሲኒያ አስመጣሁ። ቤተሰቡ ከቦ የሚበላበት ትልቁ ትሪ ነው። የቾክ ልክ የሚለካው 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ነው፤ የሐጅ ሲኒያ ከዚያ ብዙም አያንስም። በ36 ሜትር ግድም ላይ ሲተኮስ በሙሉ ቾክ ከመቶው ፍሬ ሰባው ያህል ክቡ ውስጥ ይገባል፤ በክፍቱ ግን አርባው ያህል። ለዳክዬ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በረራ ላይ ያለን ወፍ በእነዚያ የልዩነቱ ሠላሳ ፍሬዎች ታገኙታላችሁ ወይም ታጡታላችሁ።

ከዚያ ተነሥቼ ግቢውን በእርምጃ ለካሁት። ከብረቱ በር እስከ ሐጅ አንግሬብ፣ ማለትም እስከ ገመድ አልጋቸው፣ ሰባት እርምጃ ሆነ፤ አምስት ሜትር ቢሆን ነው። የሲኒ ማስቀመጫ አንሥቼ ደረታቸው ላይ ያዝኩ። «በዚህ ርቀት በሰፊው ቢተኩሱም የሚበተነው ይህችን ያህል ነው» አልኳቸው። «በጠባቡ ደግሞ ትንሽ ያንሳል። የቀኝና የግራው ልዩነት ሁለት ሦስት ጣት ነው።» እርሳሱ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ በየሜትሩ የሚሰፋው በሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው። ቾክ ሥራውን ለመሥራት ሜዳ ይፈልጋል። የሰው ቤት ሜዳ አይደለም።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጦርነቱ በፊት በነበረ ሌሊት አንድ ልጅ አመጡልን፤ 17 ዓመቱ ነው። አምሽቶ ሲመለስ በሩ ተዘግቶበት በአጥር ዘለለ። አባቱ ሌባ መስሏቸው ከሦስት ሜትር በማይበልጥ ርቀት ተኮሱ። ጭኑ ላይ የነበረው ነጠብጣብ አልነበረም፤ አንድ ቀዳዳ ነበር፣ ጡጫዬን የሚያስገባ። በቅርብ የተተኮሰ እርሳስ ገና አልተበተነም፤ እንደ አንድ ድንጋይ ይገባል። ከኋላው ደግሞ ባሩዱንና እርሳሱን የሚለየው የላስቲክ ወይም የካርቶን ውታፍ አብሮ ይገባል፣ የሱሪው ቁራጭም እንዲሁ። ራጅ እርሳሱን ያሳያል፤ ውታፉን ግን አያሳይም። በጣት ዳስሶ ካላወጡት ቁስሉ ይመግላል። ዶክተሩ እየዳሰሰ እኔ ብርሃኑን ይዤ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። እግሩ ተረፈ። አባትየው ኮሪደሩ ላይ ያለማቋረጥ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «ጨለማ ነበር፣ ጨለማ ነበር።»

የቾክ ምርጫ ለዚያ ልጅ ምን ይፈይድ ነበር? ምንም። የሚፈይደው ማን መሆኑን የሚያሳይ መብራት ነበር።

የካርቱምን ቤት የማያውቅ ሰው ሌላም ነገር ይሳሳታል። በሙቀቱ ወራት ሰው ቤት ውስጥ አይተኛም። አንግሬቡ ሖሽ ላይ፣ ማለትም ግቢው ላይ ይወጣል፤ አያት፣ እናት፣ ሕፃን ተሰልፈው ይተኛሉ። በሩ ስስ ላሜራ ነው፣ የራኩባው ጥላ ቆርቆሮና ሣር ነው፣ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት አንግሬብ አለ። የጃሉስ ጭቃ ግድግዳ እርሳስ ያቆማል፤ ላሜራና ቆርቆሮ ግን ትልልቁን ፍሬ አያቆምም። ሐጅ ከያዙት ሁለት ዓይነት ጥይት አንዱ ለወፍ የሚሆነው ደቃቅ ነበር፤ ፍሬው ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም፣ በመቶ የሚቆጠር ነው። ሌላው ለትልልቅ አውሬ የሚሆነው፣ ዘጠኝ ፍሬ ብቻ ያለውና እያንዳንዱ ከስምንት ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ። ለእኔ ከቃታው ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ምርጫ ነበር። ከዘጠኙ የሳተው የት ያርፋል? በሩ አጠገብ የልጅ ልጃቸው ይተኛ ነበር።

በዚያ ሰሞን ደግሞ የሚመጣው አንድ ሌባ አልነበረም። የሚመጡት በርከት ብለው፣ ክላሽንኮቭ ይዘው፣ በመኪና ነው። ሁለት ጥይት ተኩሶ ጠመንጃውን ከመታጠፊያው ከፍቶ ለሚያጎርስ ሽማግሌ ሦስተኛ ዕድል አይሰጡትም። ይህን ስነግራቸው ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እንደ አባት የማያቸው ሰው ናቸው፤ ሽንፈት እንዲቀበሉ እየለመንኳቸው መስሎ ተሰማኝ። ቢሆንም ነገርኳቸው። ሰዎቹ መኪናውን ከፈለጉ ቁልፉን ይስጧቸው፣ ሴቶቹንና ልጆቹን ዛሬውኑ ከዚህ ያውጡ አልኳቸው።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ጠመንጃውን ከመታጠፊያው ከፍተው ሁለቱን ጥይት አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። በማግሥቱ ቤተሰቡ ወደ ወድ መደኒ ሄደ። እኔም በገዳሪፍና በገላባት አድርጌ መተማ ገባሁ።

ካርቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በሱዳን ሠራዊት እጅ ከተመለሰች በኋላ ሐጅ ደወሉልኝ። ቤታቸው ቆሟል፤ ግን አንግሬቦቹ፣ ሲኒያው፣ ጠመንጃው፣ ከግድግዳው ውስጥ የመብራት ሽቦው ሳይቀር ተወስዷል። በሩም የለም። የልጅ ልጃቸው ደህና ነው፣ ቁመቱ እሳቸውን አልፏል። አዲስ በር እያሠሩ እንደሆነ ነገሩኝ። ለብረት ሠሪው ያዘዙት፣ በዓይን ልክ ከውስጥ የሚከፈት ትንሽ መስኮት እንዲያወጣለት ነው።