አሮጌ መኪና ቁልፉ ሲዞር አልነሣ ያለ እንደ ሆነ ጉድለቱ ስለሚፈለግበት ሥርዓት

በብዙ የገጠር ወረዳ አንዲት አሮጌ መኪና እህልን ወደ ገበያ፥ በሽተኛንም ወደ ሐኪም ቤት ታደርሳለች። ስለዚህ አልነሣ ባለች ጊዜ ጉዳቱ የባለቤቷ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰውም ጉድለቱን ሳይመረምር በግምት አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ መኪናይቱ ግን እንደ ቀድሞው ዝም ትላለች። ገንዘቡ ይጠፋል፥ ጉድለቱም በቦታው ይቀራል። ሕመሙን ሳይለዩ መድኃኒት መስጠት ለሰውም ለመኪናም አይበጅም።

ቀድሞ ሞተር የሚነሣው ማኖቤላ በክንድ በማዞር ነበር፤ ማኖቤላውም በድንገት ወደ ኋላ እየተመለሰ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። በኋላ ግን ቻርለስ ኬተሪንግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ባበጀው ዘዴ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. የካዲላክ መኪናዎች በኤሌክትሪክ የሚነሡ ሆኑ። ይህን ሥራ የሚሠራው ትንሽ ሞተር በባለሙያዎች ዘንድ ሞተሪኖ ይባላል።

የኤሌክትሪኩ መንገድ እንደ መስኖ ቦይ ነው። ኃይሉ ከባትሪው ተነሥቶ በወፍራም ሽቦ ወደ ማግኔቱ ማገናኛ ይደርሳል። ቁልፉ ሲዞር በቀጭኑ ሽቦ የሚመጣው ጥቂት ኃይል ማግኔቱን ያንቀሳቅሰዋል፤ ማግኔቱም ወፍራሙን መንገድ ይከፍታል፥ ሞተሪኖውም ይዞራል። ከዚያ ኃይሉ በሞተሩ አካልና ማሳ በሚባለው ሽቦ ወደ ባትሪው ይመለሳል። መመለሻው ከተቋረጠ የመሄጃው ደኅንነት አይጠቅምም። ደግሞም ሞተሪኖ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚወስድ፥ ለመብራት የሚበቃ የላላ ማሠሪያ ለሞተሪኖ አይበቃም።

ከምርመራው አስቀድሞ ማርሹ ባዶ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማውም በድንጋይ ይታገድ። ባትሪ ፈጥኖ የሚነድ ጋዝ ስለሚያወጣ እሳት አይቅረበው፤ በውስጡ ያለው አሲድም ዓይንን ያጠፋል።

ከዚህ በኋላ የፊት መብራት በርቶ አንዱ ቁልፉን ያዙር፤ ሌላው ከመኪናይቱ ጎን ቆሞ መብራቱን ይመልከት። ምልክቱም ሦስት ነው።

1ኛ፤ መብራቱ እጅግ ቢደክም ወይም ቢጠፋ፥ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሠሪያው ዝጓል። አስቀድሞ የማሳውን ሽቦ ፈትቶ ማሠሪያዎቹን ማጽዳትና ማጥበቅ ይገባል፤ ሲመለስም ማሳው በመጨረሻ ይታሠራል። የ12 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ መሞላት ያሻዋል። ማሠሪያው ጸድቶ፥ ባትሪውም ሞልቶ መብራቱ አሁንም ቢደክም ሞተሪኖው ወይም ሞተሩ ራሱ ተይዟል ማለት ነው።

2ኛ፤ መብራቱ ሳይደክም ድምፅም ባይሰማ፥ ኃይሉ ከማግኔቱ ዘንድ አልደረሰም፤ ቁልፉና ቀጭኑ ሽቦ ይመርመሩ።

3ኛ፤ መብራቱ ሳይደክም አንድ ጊዜ ጠቅ የሚል ድምፅ ቢሰማ፥ በማገናኛው ውስጥ ያለው መዳብ ተቃጥሏል፥ ወይም የሞተሪኖው ካርቦን አልቋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ማሳው ነው። የቮልት መለኪያው አንድ ጫፍ ማሳው በታሠረበት የባትሪ ራስ፥ ሁለተኛው ጫፍ በሞተሩ አካል ላይ ይደረግና ቁልፉ ይዙር። መለኪያው ከግማሽ ቮልት በላይ ቢያሳይ ጉድለቱ ከዚያ ነው። ቁልፉ ሳይዞር ቢለካ ግን ኃይል ስለማይሄድ ጉድለቱ አይገለጥም።

መምህራን ይህን ተራ ለደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩ ባትሪ፥ ማሠሪያ፥ ማሳ፥ ቁልፍ፥ ማግኔት፥ በመጨረሻም ሞተሪኖ ብለው በቃል ያስይዟቸው። ይህን ተራ የያዘ ሰው ደኅናውን ዕቃ አይጥልም፤ የበሽተኛውም ጉዞ በአንዲት የዛገች ማሠሪያ ምክንያት አይዘገይም።