ካርቶን ውስጥ ያለችው አማና



በልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ ወዳጃችንን ለመዘየር ሄደን ሳለ ትንሹ ልጃቸው ካርቶን አቅፎ ያለቅስ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ኤሊ በሩ ተከፍቶ ስታገኝ ወጥታ ከደረጃው በመንከባለሏ ቅርፊቷ ተሰንጥቋል። «አባ፣ በሩን የተውኩት እኔ ነኝ። ግን ድንጋይ አይደል? ያማታል?» ሲል ጠየቀ። አባቱም መልስ አጡ።

አዎን፣ ያማታል። የኤሊ ቅርፊት ደምና ነርቭ ያለው ሕያው አጥንት ነው። ስለዚህ እንደ ቁስል ሊታከም ይገባዋል።

በመጀመሪያ በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ስንጥቁን በቀስታ እጠቡ። በንጹሕ ፋሻ ሸፍኑት። ማጣበቂያ ፈጽሞ አትቀቡ፤ ጀርሙን ውስጥ ይዘጋበታልና። የሰው ማስታገሻም አትስጧት። አፈር ላይ ሳይሆን ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀምጧት፤ ዝንብ ቁስሉ ላይ እንቁላል እንዳይጥል ጠብቁ። ኤሊ እንደ እኛ ሙቀቷን ከራሷ አካል ስለማታመነጭ፣ በአዲስ አበባ ብርዳም ሌሊት ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉ። እርሷን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከዚያም ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ቅርፊት ለመጠገን ብዙ ወራት ስለሚፈልግ ትዕግሥት ያሻል።

የልጁስ ልብ? የአነስ ኢብን ማሊክ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ሞታበት ባዘነ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በፍቅር አነጋግረውታል፤ ሐዘኑን አልናቁበትም። በሌላ ሐዲስም ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በዚያ ምክንያት እንደተቀጣች ነግረውናል። ሁለቱ ሲገናኙ አንድ ትምህርት ይሰጣሉ። እንስሳን በቤታችን ካኖርን ራሷን የምታድንበትን መንገድ ወስደንባታልና ምግቧም ሕክምናዋም በእኛ ላይ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጁን «አንድ ኤሊ ናት» ብላችሁ አትገሥጹት። ፋሻውን እርሱ ይያዝ፣ ጠርሙሱን እርሱ ያሙቅ። ጥፋቱን በለቅሶ ሳይሆን በመንከባከብ መካስን ይማራል። ኤሊ የዱር እንስሳ መሆኗንም ንገሩት፤ ሌላ ከሜዳ አንሥቶ ማምጣት አይገባም።

ወዳጃችን ይህን ሰምተው ተነሡና «ና ልጄ፣ ውኃ እናፍላ» አሉት። አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን!